የሁለተኛዋ በቅሎ ሒሳብ

ደሴ ላይ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ማለት በአብዛኛው ሠርግ ነው። ጥር ሲገባ ሃርድ ዲስኩ ሁሉ በሙሽራ ይሞላል። ስለዚህ አንድ ቡድን ከአዲስ አበባ መጥቶ የተራራ ፊልም ሲያቀርብልኝ ዋጋ እንኳን ብዙ አልተከራከርኩም። አምባ ፈሪትን ቀርጸው ነበር የመጡት። እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ በሌጋምቦ በኩል ያለው፣ ወደ 4 ሺህ ሜትር የሚጠጋው ተራራ ነው። ጓሳው፣ ጅብራው፣ ጭላዳው፣ ጠዋት ጠዋት መሬቱን የሚያነጣው ውርጭ፣ ሁሉም አለ። አሳጥረን፣ አሳምረን፣ ውጭ አገር በየዓመቱ ከሚካሄዱት የተራራ ፊልም ፌስቲቫሎች ወደ አንዱ ሊልኩት ነው።

እነዚህን ፌስቲቫሎች ከልቤ ነው የምወዳቸው። ጣሊያን፣ ትሬንቶ ላይ ያለው እ.ኤ.አ. በ1952 የተጀመረ ነው። የካናዳው ባንፍ ደግሞ ከ1976 ጀምሮ አለ። እዚያ የታዩ የተመረጡ ፊልሞች በኋላ በብዙ አገር እየዞሩ ይታያሉ። ገደል ላይ የሚንጠለጠል ስፖርተኛ ብቻ አይደለም የሚታየው። የተራራ ባህል ራሱን የቻለ የውድድር ዘርፍ አለው። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ላደገ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ተራራን የምናውቀው ሽርሽር ወጥተን አይደለም። ማገዶው፣ ከብቱ፣ ገበያው፣ ለቅሶው፣ ሁሉም በእሱ ላይ ነው የሚያልፈው። ደንበኛዬም ፊልሙን የሚያስገባው በባህል ዘርፍ እንደሆነ ነገረኝ። ደስ አለኝ።

ጥሬ ቀረጻውን ይዤ ተቀመጥኩ። ኤዲተር የሆነ ያውቀዋል፣ ትልቁ ነገር ያለው ካሜራው መጥፋት ሲገባው ሳይጠፋ በቀረበት ቦታ ነው። እዚያ ውስጥ አንድ አዛውንት አሉ። በቅሎዎቹ የእሳቸው ናቸው፤ መንገዱንም የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ጀነሬተሩን ይጭናሉ፣ ያወርዳሉ። ነፋሱ ትራይፖዱን ሊጥለው ሲል ተንበርክከው እግሩን በሁለት እጃቸው ይይዙታል። በምስሉ ግራ ጥግ ላይ የጣቶቻቸው ጫፍና የለበሱት ባና ጠርዝ ይታያል። «እሱን ክሮፕ አድርጊው» ተባልኩ፤ አደረግኩት።

አንድ ክሊፕ አለ፣ ምስል የለውም። ጉሙ ሌንሱን ሸፍኖታል። ነጭ ብቻ ነው። ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው። ኮቴ ይሰማል፣ ሳቅ ይሰማል፣ ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ፦ «ልጆች፣ ባላችሁበት ቁሙ። ከፊታችሁ መሬት የለም።» ሳቁ ቀጥ ይላል። ከዚያ የካሜራማኑ ትንፋሽ ብቻ። በሚቀጥለው ክሊፕ ጉሙ ተገፏል፤ ገደሉ ከእግራቸው ሥር አፉን ከፍቷል። ይሄ ሁለተኛው ክሊፕ ነው የፊልሙ ምርጥ ቀረጻ የሆነው። መክፈቻው ላይ የገባውም እሱ ነው።

ክሬዲቱን፣ ፊልሙ መጨረሻ ላይ የሚወጣውን የስም ዝርዝር፣ ስሠራ የእሳቸውን ስም ከነአባታቸው «መንገድ መሪ» ብዬ አስገባሁ። ስማቸውን ያገኘሁት ማይክራፎን ሲሞክሩ ከተቀዳው ድምፅ ነው። እዚህ ግን አልጽፈውም። በኋላ ገንዘብ የተነሣበት ጉዳይ ስለሆነ «ስሜን ኢንተርኔት ላይ አታውጪው» ብለውኛል። ጋሼ ብዬ ልቀጥል።

ደንበኛዬ ክሬዲቱን አየና አስቆመው።

«ይሄ ማነው?»

«መንገድ መሪያችሁ ናቸው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። አውጪው፣ ክሬዲቱ ረዝሟል።»

«የሆቴሉ ስም አለ እኮ።»

«ሆቴሉ ቅናሽ አድርጎልናል።»

«እሳቸውም ከገደል መልሰዋችኋል።»

ዝም አለ። ክሊፑን እንደሰማሁት የገባው ያኔ ይመስለኛል። ከዚያ፣ «ሥራቸው ነው፤ ተከፍሏቸዋል» አለኝ።

«እኔም ተከፍሎኛል። የእኔ ስም ግን አለ።»

«አንቺ ባለሙያ ነሽ።»

እስከ ዛሬ ድረስ ከውስጤ ያልወጣው ይሄ ነው። በክፋት አልተናገረውም። እንደውም ሊያከብረኝ ፈልጎ ነው። ግን ጉም ውስጥ መሬቱ የት ላይ እንደሚያልቅ በእግር ማወቅ ሙያ ካልሆነ፣ ምን ሊባል ነው? እኔ ስሳሳት ኮንትሮል ዜድ እነካለሁ፤ ኮምፒውተሩ ስሕተቴን ይመልስልኛል። እሳቸው ቢሳሳቱ አራት ሰው ይዘው ነው የሚወርዱት።

እ.ኤ.አ. በ1953 ኤቨረስት ጫፍ ላይ የተነሣውን ዝነኛ ፎቶ ነገርኩት። ፎቶው ላይ የቆመው ከሂማላያ የተራራ ሰዎች፣ ከሸርፓዎቹ አንዱ፣ ቴንዚንግ ኖርጋይ ነው፤ ያነሣው አብሮት የወጣው ኤድመንድ ሂላሪ ነው። የሂላሪ ፎቶ ከጫፉ ላይ የለም። በዚያ ዘመን እንኳን ሸርፓው ከምስሉ ጥግ አልተቆረጠም። ደግሞ በባህል ዘርፍ ለሚወዳደር ፊልም የተራራውን ሰው ቆርጦ መላክ ምን ማለት ነው? ደንበኛዬ ሰዓቱን አየ። «ለአካባቢው ነዋሪዎች ምስጋና» የሚል አንድ መስመር እንዳስገባ ነገረኝ። ፊልሙ የእሱ ነው፤ አስገባሁ። የእኔንም ስም አወጣሁት። «ምን አስቀየምኩሽ?» አለኝ። የምለውን ብያለሁ፣ አልደገምኩትም።

ነገሩ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ከካሜራማኑ ስልክ ተቀብዬ ለጋሼ ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው፤ ስማቸው ፊልሙ ላይ እንደማይወጣም ነገርኳቸው። በሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «አላህ ያክብርሽ። ስሜን ቀዬው ያውቀዋል። እንደው የሁለተኛዋን በቅሎ ሒሳብ ነገር የሰማሽው አለ?»

የቱን ሒሳብ?

ለካ ሁለት በቅሎ ነው የወጣው። ጀነሬተሩ ለአንዷ ከብዶ፣ ጋሼ ከጎረቤት ሌላ በቅሎ ተውሰው ጨመሩ። የአንዷ ብቻ ተከፈለ። የሌላዋን «አዲስ አበባ እንደገባን እንልካለን» ተብለው ሄዱ። በቅሎዋ የጎረቤት ናት። ጎረቤትየው በተገናኙ ቁጥር ባይጠይቃቸውም፣ አለመጠየቁ ራሱ ከብዷቸዋል።

ያን ጊዜ ነው ሌላው የኤቨረስት ታሪክ ትዝ ያለኝ። ሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. የበረዶ ናዳ ወርዶ 16 የኔፓል ሠራተኞችን ገደለ። መንግሥት ለየቤተሰቡ በመጀመሪያ ያቀረበው 40 ሺህ ሩፒ ነበር፤ ወደ 400 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ሸርፓዎቹ ተቆጡ። የጠየቁት የተሻለ ካሳና ኢንሹራንስ ነው። በደቡቡ በኩል የዚያ ዓመት የኤቨረስት ጉዞ ከሞላ ጎደል በዚያው ቀረ። ክብር ሲባል እኔ ክሬዲት ላይ ያለ መስመር ነበር የታየኝ። ጋሼ ዘንድ ክብር የጎረቤትን ዓይን ቀና ብሎ ማየት ነው። ሁለቱም ይገባቸዋል። በየትኛው መጀመር እንዳለብኝ ግን እሳቸው ነገሩኝ።

ፊልሙን አስረክቤያለሁ። የእንግሊዝኛው ሰብታይትል፣ ከምስሉ ሥር የሚጻፈው ትርጉም፣ ግን ገና እኔ ጋ ነበር። ፌስቲቫሉ ደግሞ ያለ ሰብታይትል አይቀበልም። ለደንበኛዬ ደወልኩ።

«ሰብታይትሉ አልቋል» አልኩት። «የበቅሎዋን ሒሳብ ስትልክላቸው እልክልሃለሁ።»

«የምን በቅሎ?»

«ሁለተኛዋን።»

«ይሄ ያንቺ ጉዳይ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ የእኔ ጉዳይ ነው። ተከፍሏቸዋል ብለህ የነገርከኝ እኔን ነው።»

ተቆጣ፤ ስለ ውል አወራ፤ ሌላ ኤዲተር እንደማያጣም ነገረኝ። እውነቱን ነው፣ አያጣም። ግን የማስገቢያው ቀን ደርሷል፣ ሌላ ሰው ደግሞ የጋሼን የሌጋምቦ አማርኛ ሰምቶ እስኪተረጉም ጊዜ ይፈልጋል። በዚያው ቀን ማታ ጋሼ ራሳቸው ደወሉልኝ። በቴሌብር ገብቶላቸዋል። ሰብታይትሉን ላክሁ። ስማቸው ፊልሙ ላይ አልተመለሰም። ያ ደንበኛም ከዚያ ወዲህ ሥራ ሰጥቶኝ አያውቅም።

አሁን የተራራም ሆነ የገጠር ቀረጻ ሲመጣልኝ፣ ቀብድ ከመቀበሌ በፊት የማስሞላት አንድ ወረቀት አለች። የሰው ስም ከነአባቱ፣ የሠራው ሥራ፣ የተስማሙበት ክፍያ፣ የተከፈለው። በቅሎም ካለ፣ ስንት በቅሎ። አንዳንዱ ደንበኛ «ይሄ ኤዲተርን ምን አገባው?» ብሎ ይሄዳል። የሞሉልኝም አሉ፤ ሲሞሉ ደግሞ ያልከፈሉት ሰው ትዝ የሚላቸው አሉ።

ጋሼም ስልኬን ይዘውታል። ካሜራ የያዘ ቡድን የሌጋምቦ ከተማ አቀስታ ሲደርስ አንዳንዴ ይደውሉልኛል። «ልጄ፣ እነዚህን ታውቂያቸዋለሽ?» ይሉኛል። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ።