በሜኮንግ ዳር፦ ከአንኮር ማዶ ያለችው ካምቦዲያ

ካምቦዲያ ሲባል ሰው የሚያነሳው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጥንታዊው ቤተ መቅደስ አንኮር ዋት ነው። ሌላው የፖል ፖት ዘመን የራስ ቅሎች ናቸው። ከዚያ አልፎ የሚጠይቅ ብዙም አይገኝም።

አገር በአንድ ፎቶ ብቻ ሲጠራ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ እኛ አሳምረን እናውቀዋለን። የ77ቱ ድርቅ ካለፈ ስንት ዘመን ሆነው! ዛሬም ውጭ አገር “ከኢትዮጵያ ነኝ” ስትሉ ከንፈሩን የሚመጥላችሁ አይጠፋም። እኔና ጓደኛዬ ይሄን አንስተን ብዙ ተጫውተናል። ስለዚህ ገና ትኬት ሳንቆርጥ ተስማማን። አንኮርን እናያለን፤ እዚያ ድረስ ሄዶ እሱን ሳያዩ መመለስ አይሆንም። የቀረውን ጊዜ ግን ቱሪስት በማይበዛበት በኩል እናሳልፈዋለን።

ከአዲስ አበባ ባንኮክ፣ ከባንኮክ ፕኖም ፔን በረርን። አንኮርንም አየን። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ አልጨምርበትም። የምነግራችሁ ከዚያ በኋላ ቦርሳችንን አዝለን፣ ሜኮንግን ተከትለን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለወጣንበት መንገድ ነው።

ስለ ወንዙ ትንሽ ልበል። ሜኮንግ ከቲቤት አምባ ተነስቶ ቻይናን፣ ምያንማርን፣ ላኦስንና ታይላንድን እየነካካ ካምቦዲያ ይደርሳል። ከዚያ በቬትናም በኩል ባሕር ይገባል። ፕኖም ፔን ላይ ቶንሌ ሳፕ ከሚባል ወንዝ ጋር ይገናኛል፤ ይሄ ወንዝ ደግሞ በየዓመቱ አቅጣጫውን ይቀይራል። በበጋ ከቶንሌ ሳፕ ሐይቅ ወደ ሜኮንግ ይወርዳል። በክረምት ሜኮንግ ሲሞላ ውኃው ተገፍቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ሐይቁ ይፈስሳል። ሐይቁ በበጋ 2,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጣና ያንሳል። ክረምቱ ሲያልቅ ግን 15,000 አካባቢ ይደርሳል። ዓሣውም ሩዙም የሰዉም ኑሮ በዚህ መሙላትና መጉደል ላይ የቆመ ነው። ይሄን ሳይረዱ ካምቦዲያን አየሁ ማለት ለእኔ ይከብደኛል።

መጀመሪያ ያረፍነው ካምፖንግ ቻም ነው። ከዋና ከተማው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሚኒባስ ሄድን። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሆነን ተቀመጥን። ቦርሳችን ጭናችን ላይ ነው፤ እግራችን ሥር የሰው የሩዝ ጆንያ አለ። አጠገባችን የነበሩ እናት የጓደኛዬን ሹሩባ ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ሳቁ። ከዚያ ከፌስታላቸው ጨውና የተፈጨ ቃሪያ የተነሰነሰበት ጥሬ ማንጎ አውጥተው ሰጡን። አንድ ቃል አልተግባባንም፤ ግን እስክንወርድ ድረስ አብረን ስንበላ ስንሳሳቅ ነበር።

ከካምፖንግ ቻም ወጣ ብሎ ሁለት ኮረብታዎች አሉ። ፕኖም ፕሮስና ፕኖም ስሬይ ይባላሉ፤ የወንድ ኮረብታና የሴት ኮረብታ። በባጃጅ ሄድን፤ ታሪኩንም የነገረን ባለ ባጃጁ ነው። ድሮ፣ አለን፣ ለጋብቻ የምትጠይቀው ሴቷ ነበረች። ሴቶቹ ይሄ ነገር መረራቸው። ከወንዶቹ ጋር ተወራረዱ። በአንድ ሌሊት፣ የንጋት ኮከብ እስኪወጣ ድረስ፣ ትልቁን ኮረብታ የቆለለ ያሸንፋል። የተሸነፈ ከእንግዲህ ጠያቂ ይሆናል። ሌሊቱ ሲጋመስ ሴቶቹ እሳት አነደዱና ከፍ አድርገው ሰቀሉት። ወንዶቹ ኮከቡ ወጣ ብለው ሥራቸውን ትተው ተኙ። ሴቶቹ እስኪነጋ ቆለሉ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ የሚልከው ወንዱ ሆነ። ጓደኛዬ ይሄን ስትሰማ እልልታዋን አቀለጠችው። ባለ ባጃጁም ለምን እንደሆነ ባይገባውም አብሯት ሳቀ።

የወንድ ኮረብታው ጋ ስንደርስ ግን ሳቃችን ቆመ። ክሜር ሩዥ፣ ፖል ፖት የሚመራው ኮሚኒስት ቡድን፣ ቦታውን ሰው መግደያ አድርጎት ነበር። ዐፅም የተሰበሰበበት መታሰቢያ አለ። ክሜር ሩዥ ፕኖም ፔንን የያዘው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 9 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ከሥልጣን የተባረረው ታኅሣሥ 29 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ የገና ዕለት። በመሃል ባሉት ዓመታት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው በግድያ፣ በረሃብ፣ በበሽታና በግዳጅ ሥራ አለቀ። ያ ዘመን እኛም አገር ቀይ ሽብር የነበረበት ዘመን ነው። ጓደኛዬ አንድ አጎቷን ያጣችው ያኔ ነው፤ እሷ ገና ሳትወለድ። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አብረን አይተነዋል፤ እዚያም ከመስታወት ጀርባ የሰው አጥንት አለ። ባለ ባጃጁ እኛ ብዙ ስንቆም አይቶ መጣና አጠገባችን ቆመ። የአባቱ አባት የት እንደወደቁ እስከ ዛሬ እንደማይታወቅ ነገረን። ጓደኛዬም የአጎቷን ነገረችው። እኔ የምለው ቃል አጥቼ ዝም አልኩ።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ጓደኛዬ ሁዳዴን ዓሣም አትነካም። ካምቦዲያ ውስጥ ደግሞ ዓሣ የሌለበት ወጥ ማግኘት ቀላል አይደለም። ፕራሆክ የሚሉት ከተብላላ ዓሣ የሚሠራ ማባያ አላቸው፤ እኛ ወጥ ላይ በርበሬ እንደምንጨምረው ብዙ ነገር ውስጥ ይገባል። ሥጋ የለውም የተባለውም በዓሣ መረቅ የተቀመመ ሆኖ ይገኛል። መፍትሔ ያገኘችላት አንዲት የገበያ ምግብ ሻጭ ናት። ነጭ ሩዝና በነጭ ሽንኩርትና በጨው ብቻ የተጠበሰ ጎመን መሰል ቅጠል ሠራችላት። ቅጠሉ ውኃ ውስጥ የሚበቅል፣ ግንዱ ክፍት የሆነ ነው፤ በጣም ይጣፍጣል። ሻጯ መጥበሻውን መጀመሪያ አጥባ፣ ለጓደኛዬ አሳይታ ነው የጀመረችው። ያን ያህል ጥንቃቄ ለማያውቋት ሰው!

ከተማው ፊት ለፊት ሜኮንግ መሃል ላይ ኮ ፓየን የምትባል ደሴት አለች። ክረምት አልፎ ውኃው ሲጎድል የአካባቢው ሰው ወደ ደሴቷ የቀርከሃ ድልድይ ይሠራል። ውኃው ሊሞላ ሲል ያፈርሰዋል። በዓመቱ እንደገና ይሠራል። ድሮ በዚህ ድልድይ ላይ መኪና ሳይቀር ያልፍ ነበር። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የኮንክሪት ድልድይ ሲሠራ የቀርከሃው ጥቅም ቀነሰ። እነሱ ግን ጠበብ አድርገው መሥራቱን አልተዉም። በብስክሌት ተሻገርንበት። ከታች ለቁጥር የሚያስቸግር የቀርከሃ ቋሚ አሸዋው ላይ ተተክሏል። ከላይ የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ምንጣፍ ተጎንጉኖ ተነጥፏል። ብስክሌቱ ሲሄድበት ይንጫጫል፣ እርግብግብ ይላል። ሞተር ሲመጣ ደግሞ እግራችሁ ሥር ያለው ሁሉ ብድግ ዝቅ ይላል። ጓደኛዬ መሃል ላይ ወረደችና እየገፋች ጨረሰችው። እኔ እስከ መጨረሻው ነዳሁት።

ደሴቷ ላይ ትንባሆና ሰሊጥ ይዘራል። ቤቶቹ በእንጨት ምሰሶ ላይ ከፍ ብለው የተሠሩ ናቸው፤ ከሥር ከብት ይታሰራል፣ ሰው ጥላ ይይዛል። ፓጎዳም (የቡድሃ ቤተ መቅደስ) መስጊድም አለ። ቻም የሚባሉት የካምቦዲያ ሙስሊሞች ከሜኮንግ ዳር ብዙ ይኖራሉ። እነሱም በክሜር ሩዥ ዘመን ብዙ መከራ አይተዋል። ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር። ፀሐዩ ሲበረታብን አንዲት የቻም እናት ከቤታቸው ሥር ሆነው በእጃቸው ጠሩን። የተንጠለጠለ አልጋቸውን ለቀቁልን። ልጃቸው በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋ ምን እንስጣችሁ አለችን። ጓደኛዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምትጾም ነገረቻት። ልጅቷ ለእናቷ ተረጎመች። እናትየው በጣታቸው መጀመሪያ ጓደኛዬን፣ ቀጥሎ ራሳቸውን አመለከቱና ከት ብለው ሳቁ። ሁለቱ ጦመኞች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ልጅቷ እያስተረጎመች፣ ማን ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾም፣ ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ ሲጠያየቁ ቆዩ። ስንነሳ ሰዓቷ ሲደርስ ትብላው ብለው ፓፓያ በፌስታል ቋጥረው ሰጡን። ከጉዞው ሁሉ ሳስበው ደስ የሚለኝ ያ ቀን ነው።

ሁለት ሴቶች ብቻችሁን አልፈራችሁም ወይ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አልፈራንም። ማታ ብዙም አንወጣም፣ ቦርሳችንን እንጠብቃለን፤ ይሄን አዲስ አበባም እናደርገዋለን። በየመንደሩ ያገኘናቸው እናቶች እንደ ልጆቻቸው ነው የያዙን።

ከካምፖንግ ቻም ወደ ክራቼ የሚወስደው መንገድ የጎማ ዛፍ እርሻ ውስጥ ያልፋል። ፈረንሳዮች በቅኝ ግዛት ዘመን የጀመሩት ነው። ግንዱ በሰያፍ ይበጣና ነጭ ወተቱ ከሥር በታሰረች ጽዋ ይጠራቀማል። ለማየት ያምራል፤ ግን ከመኪና አልወረድንም።

ክራቼ ትንሽና ዝምተኛ ከተማ ናት። ሙሉ ፊቷን ወደ ወንዙ ያዞረች። እዚህ ነው ጓደኛዬ የጾም ምግብ ችግሯ ጨርሶ የተፈታላት። ክራላን የሚባል ነገር መንገድ ዳር ይሸጣል። የተዘፈዘፈ ሩዝ ከጥቁር ቦሎቄ፣ ከኮኮናት ወተት፣ ከትንሽ ስኳርና ጨው ጋር ተቀላቅሎ ቀርከሃ ውስጥ ይጠቀጠቃል። አፉ በቅጠል ይወተፋል። ከዚያ ፍም ዙሪያ ተደርድሮ፣ እየዞረ ቀስ ብሎ ይበስላል። ሻጯ የከሰለውን የውጭ ቅርፊት በቢላ ልጣ ልጣ ታነሳለታለች። የሚቀረው ስስ ነጭ ቀርከሃ ነው። በእጅ ከላይ ወደ ታች ይላጣል። የቀርከሃው የውስጥ ሽፋን ከሩዙ ጋር ተጣብቆ ይመጣል፤ እሱም ይበላል። ትኩሱን ሲበሉት የጭስ፣ የኮኮናትና የአረንጓዴ እንጨት ሽታ አንድ ላይ አለው። ከአገር ቤት ምግብ ጋር አላወዳድረውም፤ በራሱ በቂ ነው።

ብዙ መንገደኛ ክራቼ የሚመጣው ለዶልፊን ነው። ኢራዋዲ የሚባለው ዓይነት ነው። አፈ ሹል አይደለም፤ ጭንቅላቱ ክብ፣ ቀለሙ ግራጫ ነው። ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካምፒ ላይ፣ ወንዙ በሚጠልቅበት ቦታ ይሰበሰባሉ። በእንጨት ጀልባ ሄድን። ጀልባ ቀዛፊው መሃል ላይ ሞተሩን አጠፋና በመቅዘፊያ ያዘው። ቀድሞ የሚመጣው ድምፁ ነው፤ ፉፍ የሚል ትንፋሽ። ዞር ስትሉ ጀርባው ብቻ ይታያል፤ ወዲያው ይሰምጣል። ፎቶ ለማንሳት አይመችም። ካሜራችንን አስቀምጠን ዝም ብለን አየን።

በ1997 (እ.ኤ.አ.) 200 ገደማ ነበሩ። በ2020 ወደ 89 ወረዱ። ዓሣ አጥማጆች የሚዘረጉት መረብ ውስጥ ገብተው መተንፈስ አቅቷቸው ይሞታሉ። ላኦስ ድንበር ላይ የነበረው መንጋ የመጨረሻው በ2022 ሞቶ አልቋል። ጥበቃው ከጠነከረ ወዲህ ግን በ2024ቱ ቆጠራ 105 ተገኙ። ጀልባ ቀዛፊው ዱሮ እሱም መረብ ይዘረጋ እንደነበር ነገረን። አሁን የሚኖረው እኛን በመሰለ ጎብኚ ነው። ስለዚህ ሂዱ እላለሁ፤ ሞተሩን የሚያጠፋ ጀልባ ግን ምረጡ።

ሌላው ስጋት ግድብ ነው። ሜኮንግ ላይ ከክራቼ በላይ ትልቅ ግድብ የመሥራት ዕቅድ ነበር። በ2020 የካምቦዲያ መንግሥት ለአሥር ዓመት በዋናው ወንዝ ላይ ግድብ እንደማይሠራ አስታወቀ። እኔ ለአባይ ግድብ ቦንድ የገዛሁ ሰው ነኝ። ቤት ውስጥ መብራት መኖር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግድብ አልቃወምም። ግን ወንዝ ሁሉ አንድ አይደለም። ይሄኛው ወንዝ ዓሣው ወጥቶ ወርዶ የሚራባበት፣ አንድ አገር የሚበላበት ነው። አሥሩ ዓመት ሲያልቅ ምን ይወስኑ ይሆን እያልኩ አሁንም አስባለሁ።

ከክራቼ ፊት ለፊት ያለችው ኮ ትሮንግ ደሴት ላይም አደርን። በብስክሌት ዞራችሁ የምትጨርሷት፣ መኪና የማይበዛባት ቦታ ናት። ፖሜሎ የሚሉት ትልቅ ብርቱካን መሰል ፍሬዋ የታወቀ ነው። እንግዳ የሚያሳድሩ ቤተሰቦች አሉ፤ ከሆቴል እነሱን ምረጡ።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅና ቀለል ያለ ነው። ሚያዝያ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ዶላርና የአገሩ ገንዘብ ሪኤል አብረው ይሠራሉ፤ 1 ዶላር 4,000 ሪኤል ገደማ ነው። የሳንቲም መልስ በሪኤል ይሰጣል። ትንሽ የተቀደደ ዶላር እንኳ አይቀበሉም፤ ከአገር ስትወጡ ጥሩ ጥሩውን ለዩ። ቡናቸው ሮቡስታ ይበዛዋል፣ ቆላቸው ጠቆር ያለ ነው፤ በበረዶና በጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ይጠጣል። ጓደኛዬ ያለ ወተት በበረዶ ለመደችው።

ራታናኪሪና ሞንዱልኪሪ የሚባሉት ክፍላተ ሀገር ሳንደርስባቸው ቀሩ። ሞንዱልኪሪ ደጋ ነው፤ ቡና ይበቅልበታል። የቡና እርሻውን ሳናይ መመለሳችን ጓደኛዬን እስከ ዛሬ ይቆጫታል። ለሚቀጥለው በጋ መንገዱን ከአሁኑ ማጠያየቅ ጀምራለች።