ለሮጠ አይደለም

ጌታ ይባረክ። ነገሩ ካለፈ ሰባት ወር ሆኖታል፤ ይህን ስጽፍ ግን እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

መጀመሪያ ንዴቴን ልናዘዝ። የመጀመሪያ ልጃችን ሳይወለድ ሆድ ውስጥ ሞተብን። በዚያው ሰሞን አንድ ወንድም ሊያጽናናኝ ብሎ ሮሜ 9ን አነበበልኝ። «የምምረውን ሁሉ እምረዋለሁ» የሚለው ጋ ሲደርስ ተነስቼ ወጣሁ። እኛን ታዲያ ለምን አልማርከንም? ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ምዕራፍ እየዘለልኩ አነበብኩ። አሜን የምለውም ለይምሰል ነበር።

ከዚያ ባለቤቴ ፀነሰች። ዘጠኙ ወር እንዴት እንዳለፈ አላውቅም።

ልጃችን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተወለደች። ድምጿን ሰማሁ። ኮሪደሩ ላይ እንደተንበረከክሁ ነርሷ ብቅ አለች። ጓንቷ ደም በደም ነው። «ማህፀኗ አልኮማተር ብሏል፤ ደም እየፈሰሳት ነው። ቶሎ ደም ያምጡ!» ብላ ወረቀት አስጨበጠችኝ።

ሮጥኩ። ደረጃው ላይ ሌላ ሰው አብሮኝ ይሮጣል። በእጁ ያው ወረቀት አለ። አልተነጋገርንም። መስኮቱ ጋ እኩል ደረስን፤ ወረቀታችንን እኩል ዘረጋን። የደሙን ከረጢት ደረቴ ላይ አቅፌ ስመለስ ቅዝቃዜው ሸሚዜን አልፎ ተሰማኝ። ያንን ደም የሰጠህ የማላውቅህ ወገኔ፣ ጌታ ዘመንህን ይባርከው።

ከዚያ በሩ ተዘጋ። ልጸልይ ብዬ ቃል ጠፋኝ። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ብዬ እጀምራለሁ፤ «በሞት ጥላ መካከል» ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። ሦስቴ ጀመርኩ፣ ሦስቴ እዚያው ቀረሁ። እናቴ የምትዘምረው መዝሙር ዜማው መጣልኝ፣ ግጥሙ ግን እምቢ አለኝ። በሩ ይከፈታል፣ ሰው ይሮጣል፣ መልሶ ይዘጋል። በመጨረሻ ከአፌ የወጣው «ማራት» የሚል ብቻ ነው። «ማራት፣ ማራት» እያልኩ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ሊነጋጋ ሲል ነርሷ ወጣችና «ደሙ ቆሟል» አለችኝ። እህቴ፣ ያን ሌሊት አንዴ እንኳ ስትቀመጪ አላየሁሽም። ጌታ ይክፈልሽ።

ያ ሰው ማዶ አግዳሚው ላይ ነበር። የእሱ ሚስት አልተረፈችም። ተነስቶ መጣና እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «እንኳን ተረፈችልህ ወንድሜ» አለኝ። ምን ልበለው? አቅፌው አለቀስኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጄን ትከሻዬ ላይ አስተኝቼ ሮሜ 9ን ራሴ ገለጥኩት። ምሕረት ከሚምር ከእግዚአብሔር እንጂ ለወደደ ወይም ለሮጠ እንዳልሆነ ይናገራል። ለሮጠ! ሁለታችንም እኩል ሮጠናል። ሚስቴ የተረፈችው እኔ ስለፈጠንኩ ወይም አጥብቄ ስለጸለይኩ አይደለም። እንዲያውም ጸሎቴ አንዲት ቃል ነበረች።

ጳውሎስ ቃሉን ከየት እንደወሰደው ልይ ብዬ ወደ ዘጸአት 33 ሄድኩ። ሕዝቡ የወርቅ ጥጃ ሠርቶ ሊጠፋ የተገባው ጊዜ ነው። ሙሴ ይማልዳል፣ «ክብርህን አሳየኝ» ይላል። እግዚአብሔር የምምረውን እምራለሁ ያለው ለእሱ ሲመልስለት ነው። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ በር እንደተዘጋብኝ ያየሁት ቃል ለካ ለጸሎት የተሰጠ መልስ ነበር። ምሕረቱን ማንም አያስገድደውም፤ ስለዚህም ጥጃ ለሠሩት እንኳ ይደርሳል።

የመጀመሪያ ልጃችን ለምን እንደሞተ አሁንም አልገባኝም። የዚያ ሰው ሚስት ለምን እንዳልተረፈችም እንደዚሁ። ኢዮብም ቢሆን በሰማይ ስለ እሱ የተነጋገሩትን እስከ መጨረሻው አልተነገረውም። ጌታን በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሰማው እንጂ።

የዚያን ሰው ስም አልጠየቅሁትም። ልጁ በሕይወት ይኑር አይኑር እንኳ አላውቅም። ማታ ማታ ልጄን ሳስተኛ «አብሮኝ የሮጠው» ብዬ እጠራዋለሁ። ማረው፣ ጌታ።