ባዶ ነው የተባለው ክላሽ

ከሱዳን ድንበር ወደ መሀል አገር በሚወስድ መንገድ ላይ ባለ አንድ ኬላ፣ ማታ ከሰሊጥ ጆንያ ሥር 7 ክላሽንኮቭ ተያዘ። ስድስቱ ካዝና (የጥይት መያዣ) የላቸውም፤ ሰባተኛው ካዝናው እንደተሰካ ነው። የያዘው ፖሊስ መጀመሪያ ማቀባበያውን ሳበ፤ አንድ ጥይት ተፈናጥሮ ወደቀ። ካዝናውን የነቀለው ከዚያ በኋላ ነው። ጥይቱ ሲወጣ ሁሉም ስላየ «ባዶ ነው» ተባለ። መዝጋቢው ቁጥሩን ሊያነብ ሲያገላብጠው ጣቱ ቃታውን ነካና ባረቀ። ጥይቱ የቆርቆሮውን ግድግዳ በስቶ ውጭ የቆመውን የውኃ በርሜል መታ። ቀን ቢሆን እዚያ ባለጉዳይ ይሰለፋል።

ካዝናው ሳይነቀል ማቀባበያው ከተሳበ የጎረሰው ጥይት ይወጣል፤ ማቀባበያው ሲመለስ ግን ከካዝናው ሌላ ያጎርሳል። የወጣውን ሁሉም አይቷል፣ የገባውን ያየ የለም።

ስለዚህ አፈሙዙ አሸዋ ወደተሞላ በርሜል ዞሮ፣ ጣት ከቃታው ርቆ፣ በቅድሚያ ካዝናው ይነቀላል። ቀጥሎ በስተቀኝ ያለው የጥንቃቄ ቁልፍ እስከ ታች ይወርዳል። ቁልፉ ወደ ላይ እንደተዘጋ የክላሽ ማቀባበያ እስከ መጨረሻው አይሳብም፤ «ዝጓል» ብሎ እዚህ ላይ የሚተወው ብዙ ነው፣ ከሁሉም የከፋው ስንፍናም ይሄ ነው። ማቀባበያው ሁለት ሦስቴ ይሳብና ወደ ኋላ እንደተያዘ ውስጡ ይታያል፤ ጨለማ ከሆነ በባትሪ። ምዝገባው ከዚህ በኋላ ነው።

ምዝገባውም የራሱ ጣጣ አለው። መዝጋቢው ያነበበው ከላይ ተነቅሎ የሚነሳውን ክዳን ቁጥር ነበር። በኮንትሮባንድ የሚዘዋወር ክላሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ክዳኑ ከሌላ መሣሪያ የመጣ ነው። ዋናው ቁጥር አካሉ ላይ፣ በስተግራ ከካዝናው መግቢያ ከፍ ብሎ የተመታው ነው፤ አጠገቡ ያለው የፋብሪካ ምልክትም አብሮ ይጻፋል፣ ፎቶ ይነሳል። በሞረድ የጠፋ ቢመስል እንኳ መፋቅና ማጽዳት የለም፦ ቁጥሩ ሲመታ ከሥሩ ያለው ብረት ስለሚታመቅ ላቦራቶሪ መልሶ ሊያወጣው ይችላል። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ክስ ሲመሠረት ከመጋዘን የወጣው መሣሪያና መዝገቡ ካልተገናኙ ጠበቃው የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። መሣሪያው ከየት እንደሾለከ መከታተልም የሚጀምረው ከዚሁ ቁጥር ነው፤ ከተሳሳተ ፍለጋው የሌላ ጠመንጃ ፍለጋ ይሆናል፣ ቀጣዩ ጭነትም በዚያው መንገድ ያልፋል።

በማግስቱ ሰባቱም እንደገና ሲታዩ የሁለቱ ክዳንና አካል ቁጥር አልገጠመም። መዝገቡ ተሰርዞ ከአንድ ተጀመረ።