ቆርቆሮ የለበሰው ቤት

ውድ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ ብርሃነ ትንሣኤ በሰላም አደረሳችሁ።

ሁዳዴ እኩሌታው ላይ እናቴንና ልጆቼን ይዤ ከአሜሪካዋ የቴክሳስ ከተማ ከኦስቲን ወደ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በመጓዝ፣ በስቶንዎል አቅራቢያ የሚገኘውን የሳወር-ቤክማንን የእርሻ ቦታ ጎብኝቼ ነበር። ከጀርመን ፈልሰው ቴክሳስ ከሰፈሩት ወገኖች የሆኑት ዮሃን ሳወርና ባለቤቱ ክርስቲን በ1869 አራት ልጆቻቸውን ይዘው እዚህ ጎጆ ቀለሱ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ ልጆቹም እያደር አሥር ሆኑ። በ1900 መሬቱ ወደ ቤክማን ቤተሰብ ተላለፈ።

በ1915 ጥጡ ሲሰምርላቸው ኤሚልና ኤማ ቤክማን አዲስ ቤት ሠሩ። በእኛ ገጠር ሰው ሲያልፍለት የሣር ቤቱን አፍርሶ ቆርቆሮ ይመታል፤ እነዚህ ግን ጥለት የታተመበትን ቆርቆሮ ለግድግዳው ጭምር አልብሰውት፣ አሮጌውን የድንጋይ ቤት ሳያፈርሱ ከአዲሱ ጋር በበረንዳ አገናኙት። ከቤቱ ሁሉ የወደድሁት ይህንን በረንዳ ነው።

ቦታው ከ1975 ጀምሮ ለጎብኚዎች ክፍት ሲሆን፣ ሠራተኞቹ የ1918ን ልብስ ለብሰው ላም ያልባሉ፣ ሳሙና ይሠራሉ፣ ሥጋ በጭስ ያደርቃሉ። እኛ በደረስንበት ሰዓት አንዲት ሴት ቅቤ ንጣ አውጥታ፣ ውሃው ነጭ መሆኑን እስኪተው ድረስ በእንጨት መዳመጫ እየተጫነች በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበው ነበር። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ጠጋ አለችና፣ “አሬራውንስ ምን ታደርጉታላችሁ?” ብላ በእኔ አስተርጓሚነት ጠየቀች። ለዳቦ እንደሚሆን ስትሰማ በእርካታ ራሷን ነቀነቀች፤ ቅቤው ላይ ጨው ሲነሰነስ ግን፣ “ኮረሪማ የለ፣ ኮሰረት የለ!” ብላ አዘነችላቸው። ጾም ባይሆን ኖሮ ምን ትል እንደነበር እንጃ።

የሳወሮች ልጅ አውጉስታ አዋላጅ ነበረች፤ በ1908 እዚያው ሠፈር የተወለደውን ሊንደን ጆንሰንን የተቀበለችውም እርሷ ናት። ያ ሕፃን አድጎ ፕሬዚዳንት በሆነ ጊዜ፣ ጀርመንን ጨምሮ ለሰሜንና ለምዕራብ አውሮፓ ሰዎች ያደላ የነበረውን የስደተኞች ኮታ የሻረውን የ1965ቱን ሕግ ፈረመ። አሜሪካዊ ዜጋ ወላጆቹን ያለ ኮታ እንዲያስመጣ የፈቀደውም ይኸው ሕግ ስለሆነ፣ እናቴ ዛሬ ወጥ ቤቴ ውስጥ የቆመችው በእርሱ መሠረት በሞላሁት ማመልከቻ ነው። ይህንን በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን ስነግራት፣ “አዋላጂቱን ነፍሷን ይማር” አለች።

ዛሬ ለዶሮው የገዛሁላትን የሱፐርማርኬት ቅቤ እያነጠረች፣ “ይኼ መች ታጠበና!” እያለች ታጉረመርማለች።

መልካም በዓል።