እንግዳው ዓመት ከመምጣቱ በፊት

ውድ ወዳጆቻችን፣ ዲሴምበር እየተገባደደ ነውና መጪውን ዓመት በሰላም በጤና ያድርሳችሁ! ከምኞታችን ጋር የጃፓኖችን የዘመን መለወጫ ዝግጅት እነሆ ብለናል።

ጃፓን ከ1873 ጀምሮ አዲስ ዓመትን የምታከብረው ጃንዋሪ 1 ነው። በልማዱ መሠረት ያን ዕለት ቶሺጋሚ የተባለው የዓመቱ አምላክ በየቤቱ ይገባል። የክቡር እንግዳ ነገር ነውና ቤቱ አስቀድሞ ከጣሪያ እስከ ወለል ይጸዳል፤ ደጃፍ ላይም ከጥድና ከቀርከሃ የተሠራው ካዶማትሱ የተባለ ጌጥ ይቆማል። እስከ ዲሴምበር 28 ድረስ ቢቆም መልካም ነው። ዘጠኝ ቁጥር ሥቃይን ስለሚያስታውሳቸው ብዙዎች 29ን ይሸሹታል፤ 31 ላይ ማቆም ደግሞ ለአንድ ሌሊት ብቻ ማስጌጥ ስለሚሆን እንግዳውን እንደ መናቅ ይቆጠራል።

የበዓሉ ምግብ ኦሴቺ ይባላል። በበዓሉ ቀናት ምድጃው እንዲያርፍ ቀድሞ ተሠርቶ በድርብርብ ሳጥን ይቀመጣል። ከውስጡ ትዕግሥት የሚጠይቀው ኩሮማሜ፣ ማለትም በስኳር የበሰለው ጥቁር አኩሪ አተር ነው፤ ዓመቱን በጤናና በትጋት ለማሳለፍ ይበላል። ለ300 ግራም አኩሪ አተር 2 ሊትር ውኃ፣ 250 ግራም ስኳር፣ ሩብ ኩባያ ሶያ ሶስ፣ ጥቂት ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አፍልታችሁ አውርዱ። የታጠበውን አኩሪ አተር ጨምራችሁበት ይደር። በማግስቱ አረፋውን እየገፈፋችሁ በጣም በዝቅተኛ እሳት ስምንት ሰዓት ያህል ይንተክተክ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ፍሬው ከውኃው በላይ ብቅ ካለ ይሸበሸባል። ስለዚህ ክዳኑ በቀጥታ በፍሬው ላይ ይረፍ፣ ውኃ ሲጎድልም ይጨመር። ሲበስል ቶሎ አታውጡት፤ በገዛ መረቁ ውስጥ ይቀዝቅዝ። የድሮ ባለሙያዎች የዛገ ሚስማር በጨርቅ ቋጥረው አብረው ይቀቅላሉ፤ ብረቱ ጥቁረቱን ያጸናዋል።

ዲሴምበር 31 ማታ ሶባ የተባለው ረጅም ፓስታ መሰል ምግብ ከእኩለ ሌሊት በፊት ተበልቶ ያልቃል። በቡድሃ መቅደሶች ደወል 108 ጊዜ ይደወላል። ከዚያ በኋላ ወደ መቅደስ ጉዞ ነው፤ በሺንቶ መቅደስ ሁለቴ ጎንበስ፣ ሁለቴ ማጨብጨብ፣ እንደገና አንዴ ጎንበስ ማለት ነው። በቡድሃ መቅደስ ግን አይጨበጨብም፤ እንግዶች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ አደራ የምንለው ሞቺን ነው። ከተወቀጠ ሩዝ ስለሚሠራ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ዞኒ በተባለው ሾርባ ውስጥ ሆኖ ሲቀርብ በየዓመቱ አዛውንቶችን እያነቀ ለሞት ይዳርጋል። የቶኪዮ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤትም በየጊዜው ያስጠነቅቃል። በትንንሹ ቆራርጡት፤ አስቀድማችሁ ሾርባ ፉት በማለት ጉሮሮን አርጥቡ፤ አንዱን በደንብ አኝካችሁ ሳትውጡ ሌላ አትጉረሱ። አያቶችን በማዕድ ብቻቸውን አትተዉ፤ ለሕፃናትም አትስጡ። ጃፓን ያላችሁ፣ ሰው ከታነቀ እንዲያስል አበረታቱት፤ ማሳል ካቃተው በትከሻዎቹ መካከል ጀርባውን ደጋግማችሁ በመዳፍ ምቱ፣ ወዲያውም 119 ደውሉ።

መልካም አዲስ ዓመት!