ስለ ጭላዳ እንጂ ስለ ቀይ ደረት አይደለም

የአምስት ዓመት ሕፃናትን ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ እጅግ ካስቸገሩኝ ነገሮች አንዱ፣ ተረት ያልሆነ ጽሑፍ ካነበብኩላቸው በኋላ «ያነበብነው ስለ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ ነበር። አንድ ቀን ስለ ጭላዳ አራት ዓረፍተ ነገሮች ጽፌ አነበብኩላቸው፤ ጭላዳ የሚኖረው በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች ብቻ መሆኑን፣ በአብዛኛው ሣር እንደሚመገብ፣ ደረቱ ላይ ጠጉር የሌለው ቀይ ቆዳ እንዳለውና ሌሊቱን ገደል ላይ ተኝቶ እንደሚያሳልፍ የሚናገሩ ነበሩ። ጥያቄውን ሳቀርብ ብዙዎቹ «ስለ ቀይ ደረት» አሉ፤ አንዱ «ስለ ገደል» አለ፤ አንዲቱ ደግሞ «ከዚያስ ነብሩ መጣ?» ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ።

ነብር በጽሑፉ ውስጥ አልነበረም። ነገር ግን «ተረት ተረት» ሲባሉ «የላም በረት» እያሉ ያደጉ ልጆች፣ እንስሳ ከተጠራ ወይ መናገር ወይ መታለል አለበት ብለው ቢጠብቁ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ አሁን ከማንበቤ በፊት «ዛሬ ጭላዳው አይናገርም፤ እኛ ስለ እሱ እናውቃለን» እላቸዋለሁ፤ ይህም ይበቃል።

«ስለ ቀይ ደረት» ያሉት ግን ብዙ አሳሰቡኝ። የያዙት ዝርዝሩን ነው፤ ዓይነ ኅሊናቸውን የሳበው እሱ ነበርና። «ዋና ሐሳብ ማለት» ብሎ ትርጉም ማስደገም በዚህ ዕድሜ ከንቱ ድካም ይመስለኛል፤ እኔም ሞክሬው ልጆቹ ቃሉን እንደ መዝሙር ከማዜም በቀር የተጠቀሙት የለም።

መፍትሔው እንቆቅልሽ ሆኖ ተገኘ። እንቆቅልሽ ዝርዝሩን ሰጥቶ ዋናውን ጉዳይ የሚደብቅ ጨዋታ ነው። «እንቆቅልህ» ስል «ምን አውቅልህ» ይሉኛል፤ «ሣር እበላለሁ፣ ገደል ላይ እተኛለሁ፣ ደረቴ ቀይ ነው፤ ማን ነኝ?» ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ጭላዳ!» ይላል። ከዚያ ጽሑፉን ደግሜ አንብቤ «አሁንስ ስለ ማን ነው?» ስላቸው ቀይ ደረትን የሚጠራ አይገኝም። (መልሱ ጠፍቷቸው «አገር ስጡኝ» ባልኩ ጊዜ አንዷ ሀዋሳን ያለ አንዳች ቅሬታ ሰጥታኛለች።)

ቀጥሎ አሮጌ መሶብ አምጥቼ ክዳኑ ላይ የጭላዳ ሥዕል ለጠፍኩ፤ ዝርዝሮቹ የተሣሉባቸውን ካርዶች ልጆቹ ራሳቸው ወደ ውስጥ እንዲጨምሩ አደረግሁ። በመካከላቸው የደበቅሁትን የዝሆን ኩምቢ እየሳቁ ወዲያው ጣሉት። ዛፍ ላይ የወጣች ጦጣ ስትመጣ ግን ጭቅጭቅ ተነሣ፤ አንዱ ልጅ «ዘመዳሞች ናቸው፣ ትግባ» ብሎ ድርቅ አለ። ክዳኑ ላይ ያለው ጭላዳ ብቻ መሆኑን ባሳየው «እንግዲያው ሁለቱንም ለጥፊያቸው» አለኝ። አንድ ካርድ መግባቱን ወይም መውጣቱን የሚወስነው ክዳኑ ላይ ያለው ሥዕል መሆኑን፣ ርዕሱ ሲሰፋ መሶቡም እንደሚሰፋ፣ እኔ ሳላስተምረው ደርሶበታል።

በማግስቱ ሁለቱንም ለጠፍኳቸው። ጦጣዋ ያለ ክርክር ገባች፤ ቀይ ደረቱ ግን የአንደኛው ብቻ ስለሆነ ይግባ ወይስ ይውጣ በሚለው ላይ እስካሁን አልተስማማንም።