ሁሌ ጥሞና ላይ ናችሁ

ዛሬ ልቤ ከብዶኛል። ለምን ብትሉኝ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ቤታችን፣ ከእርሻውና ከላሞቹ ጋር፣ ሰው ለጸሎትና ለጥሞና መጥቶ የሚያርፍበት ነው፤ ክፉ ነገር አልደረሰብንም። የጳጉሜን ጸሎት በሰላም አለፈ፣ እንቁጣጣሽም መጣ፣ የመጨረሻዎቹ እንግዶች ትናንት ከሰዓት በሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። አንሶላው ታጥቦ ገመድ ላይ ነው። ብርድ ልብሱ ይቀራል። ሮቶው ባዶ ስለሆነ ውሃ እስኪመጣ ይጠብቃል።

እንግዳ በሄደ ማግስት እንዲህ ይሆንብኛል። ግቢው ጭር ይላል። አዳራሹ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ናቸው። መስኮቱ ላይ አንድ ሰው የረሳው ማስታወሻ ደብተር አለ። ባለቤቱ እስኪደውል ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጥለታለሁ።

ሳስበው ግን የከበደኝ አንዲት ልጅ የተናገረችው ነገር ይመስለኛል። ከወጣቶቹ አንዷ ናት። ስትሰናበተኝ አቅፋ ሳመችኝና «ታድላችሁ! እናንተ እኮ ሁሌ ጥሞና ላይ ናችሁ» አለችኝ። በቅንነት ነው ያለችው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። እዚህ ስትመጣ ስልኳን ትዘጋለች፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ከአጥሩ ሥር ትቀመጣለች፣ በስተደቡብ የዝቋላን ተራራ በሌላው በኩል የየረርን ተራራ እያየች ዝም ትላለች። ሌላ ቦታ ያላገኘችውን እዚህ አግኝታለች። «አሜን፣ ተመስገን» አልኳት። ቃሏ ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ሁሌ ጥሞና ላይ ነን እንዴ?

የእኛን ጠዋት ታውቁታላችሁ። አባዬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳል። በረቱ ይጠረጋል፣ ፍሩሽካና ፋጉሎ ይቀርባል፣ ላሞቹ ይታለባሉ። ወተት ሰብሳቢው 12 ሰዓት ሳይሞላ በሩ ላይ ክላክስ ያደርጋል። እንግዶቹ ለማለዳ ጸሎት ሲነሱ እኛ አንድ ዙር ሥራ ጨርሰናል። መዝሙሩ ከአዳራሹ በረት ድረስ ይሰማል። ቀይዋ ላም መዝሙር እየሰማች ስትታለብ ወተቷን ቶሎ ትለቃለች። እውነቴን ነው። መዝሙሩ ሲቆም ጆሮዋን አቁማ ወደ አዳራሹ ዞር ትላለች።

ላም ደግሞ ጾም አታውቅም። በሁዳዴ 55ቱን ቀን የወተት ገዢ ይጠፋል፣ እኛ ግን በቀን ሁለቴ ማለባችን አይቀርም። ወተቱ ይናጣል፣ ቅቤው ፋሲካን ይጠብቃል። የእኛ እንግዶችም ጾም ጸሎት ሲይዙ ምሳ አይበሉም። ማታ ሲፈስኩ ግን አዳራሽ ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ይርበዋል። ሽሮው ደግሞ ትኩስ መሆን አለበት።

ስብከት የምሰማው በቁርጥራጭ ነው። መግቢያውን በረት ሆኜ፣ መሃሉን ማድ ቤት ሆኜ። መዝጊያውን ብዙ ጊዜ አላገኘውም፤ ያኔ ሳህን ነው የማቀርበው። አንዳንዴ ከአየር ኃይሉ ሜዳ የተነሳ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ሰባኪው ቃሉን ያቋርጣል። እኔ ያቺን ፋታ ተጠቅሜ እሳቱን አያለሁ።

ባለፈው ሳምንት የመጡት ፓስተር ስለ ማርታና ማርያም ሰበኩ። ሉቃስ ምዕራፍ 10። የማድ ቤቱ መስኮት ክፍት ነበር። እማዬ ድንች እየላጠች ነው፣ እግሯ በርጩማ ላይ ተዘርግቷል፣ ጉልበቷ ከሰሞኑ ያብጣል። «ማርታ፥ ማርታ፥ በብዙ ነገር ትጨነቂአለሽ» የሚለው ሲነበብ ሁላችንም ማድ ቤት ያለነው ዝም አልን። አንዷ ረዳታችን እማዬን በአይኗ ሰረቅ አድርጋ አየቻት። እማዬ ድንቿን መላጥ አላቆመችም።

ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ መነጽሯን አድርጋ መጽሐፍ ቅዱሷን ከፈተች። ዮሐንስ 12ን አውጥታ «እስቲ እዚህ ጋ አንብቢልኝ» አለችኝ። ከፋሲካ 6 ቀን በፊት ነው። አልዓዛር ከሞት ተነስቶ ማዕድ ላይ ተቀምጧል። ማርታ አሁንም ታገለግላለች። «አየሽ፣ እዚህ ጋ ማንም አልተቆጣትም» አለችኝ። ከዚያ አንድ ገጽ ወደኋላ መለሰችኝ። ወንድሟ ሞቶ ሐዘን ላይ እያለች «አንተ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ እንደ ሆንህ አምናለሁ» ያለችው ማርታ ናት። ጴጥሮስ የመሰከረውን ነው የመሰከረችው። እማዬ ይህን ያለችው ፓስተሩን ለመንቀፍ አይደለም። ስብከቱንም ወዳዋለች። ግን ማርታን ሉቃስ ላይ ብቻ ትቶ የሚሄድ ሰባኪ ያሳዝናታል። እኔም አሁን አሁን ያሳዝነኛል።

ይህ ቤት እንግዳ መመለስ አይችልበትም። ከጥንቱም እንዲህ ነው። አያቴ የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኛ ነበሩ። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ያረሱት መሬት በስማቸው ተመዘገበ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ይፈቅድ ነበር፣ የእሳቸው ድርሻ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ደስታቸው ገና ሳይበርድ ጸሎት ቤቶች መዘጋት ጀመሩ። ያኔ አማኞቹ ለደቦ የመጡ መስለው ወደ አያቴ አውድማ ይመጡ ነበር። ማጭድ ይዘው ይመጣሉ፣ እውነትም ያጭዳሉ፣ ሲመሽ የእህል ጎተራው ውስጥ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ። አያቴ እማማ ንፍሮ ቀቅላ በሩ ላይ ትቀመጥ ነበር። የማይታወቅ ሰው ሲመጣ ጮክ ብላ «ቤቶች፣ እንግዳ መጣ!» ትላለች። ውስጥ ያሉት ወዲያው ስለ ዝናብና ስለ ምርት ማውራት ይጀምራሉ።

ያኔ ይህን ጥሞና ብሎ የጠራው ማንም የለም። ሰው የሚመጣው ሌላ የሚጸልይበት ቦታ ስላጣ ነው። እማማ እዚያ በር ላይ ስትቀመጥ ጸሎቱን አልሰማችውም። ግን ያለ እሷ ጸሎቱ አይኖርም ነበር። አሁን አዳራሽ የምንለው ያው ጎተራ ነው፤ ግድግዳው በብሎኬት ታድሶ፣ ቆርቆሮው ተቀይሮ።

ስለዚህ እረፍት አጣን ብዬ ማማረር ይከብደኛል። እየተማረርኩ እንዳልሆነም እወቁልኝ። እዚህ ግቢ ውስጥ ትዳራቸው ሊፈርስ የደረሰ ሰዎች ታርቀው ሲወጡ አይቻለሁ። ሱስ አላስወጣ ያለው ልጅ ከበረቱ ጀርባ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ያንን ያየ ሰው አንሶላ ማጠብ አይከብደውም።

ግን ጥያቄው አለቀቀኝም። ዛሬ ጠዋት ይዤው ማሳ ወረድኩ።

አባዬ ሽምብራ እያዘራ ነው። የእኛን አፈር ታውቁታላችሁ፤ መረሬ ነው። በክረምት ጫማ ይነጥቃል፣ በበጋ ይሰነጠቅና ክንድ ያስገባል። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ግን የጠጣውን ውሃ ይዞ ይቆያል። ሽምብራ የሚዘራው ያኔ ነው። ከዚህ በኋላ ጠብ ባይል እንኳ አፈሩ በያዘው እርጥበት ያድጋል። ይህ ማሳ አምና ቁንጮ የሚባለው የጤፍ ዘር ነበረበት። ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ ታርሶ ባዶውን ከረመ። የጎረቤቶቻችን ጤፍ አረንጓዴ ምንጣፍ ሲመስል የእኛ ጥቁር አፈሩ ብቻ ይታይ ነበር። መንገደኛ ሲያይ ሰነፎች ሊለን ይችላል።

አባዬ እርፉን አቁሞ ውሃ ጠጣ። «ጤፍ ሲደጋገምበት ይደክማል። ሽምብራ ያሳርፈዋል» አለኝ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሲለው ሰምቻለሁ። አምና ከሌላው ማሳ አንድ የሽምብራ ተክል ነቅሎ ሥሩን አሳይቶኝ ነበር። ሥሩ ላይ ትናንሽ እብጠቶች አሉ። በጥፍር ስትጭሪያቸው ውስጣቸው ቀላ ይላል። እነዚያ እብጠቶች ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ይሰጣሉ፣ ለአፈሩም ይተርፋል። ለከርሞ የሚዘራው ጤፍ ይጠቀምበታል። ይህንን ትምህርት ቤትም ተምሬዋለሁ፣ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

«አባዬ፣ ሽምብራ እያበቀለ አረፈ ይባላል እንዴ? እየሠራ እኮ ነው» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «አልተኛም፣ ሸክም ነው የቀየረው» አለኝ። ተመልሶም በሬዎቹን ጠራ።

እኔ ዳሩ ላይ ቀረሁ። ዘሌዋውያን 25 ትዝ አለኝ። እግዚአብሔር ምድር በሰባተኛው ዓመት ትረፍ ብሏል። እዚያ ላይ ሸክም ቀይር አይልም። አትዝራ፣ ወይንህንም አትግረዝ ነው የሚለው። የሚገርመኝ ደግሞ የገበሬው ጥያቄም እዚያው ተጽፏል፦ ካልዘራን በሰባተኛው ዓመት ምን እንበላለን? አባዬ ሊጠይቅ የሚችለውን ነው ሙሴ የጻፈው። መልሱም አለ፤ የስድስተኛው ዓመት ምርት ለሦስት ዓመት ይበቃል ይላል። ይህን አምኖ ሞፈሩን የሰቀለ ገበሬ ምን ዓይነት ልብ ነበረው? እኔ አንድ ቅዳሜና እሁድ መዝጋት ያስፈራኛል።

እዚያው ምዕራፍ ላይ ምድር የእኔ ናት፣ እናንተ ከእኔ ጋር እንግዶችና መጻተኞች ናችሁ ይላል። ይህንን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዛሬ ግን ማሳው ዳር ቆሜ ሳስበው ደነገጥኩ። እኛ ራሳችንን አስተናጋጅ አድርገን ነው የምናየው። ፍራሽ የምንቆጥረው፣ ምሳ የምናወጣው እኛ ነን። ለካ እኛም እንግዶች ነን። እንግዳ ከሆንን ደግሞ የሚያስተናግደን አለ ማለት ነው። ታዲያ መቼ ነው ቁጭ ብለን የምንስተናገደው?

ከማሳው ስመለስ ገርቢው ሥር ቆምኩ። ከእንግዶቹ አንድ ልጅ ባለፈው «ይሄ ዛፍ ደርቋል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ብዙ ሰው በክረምት ሲያየው የደረቀ ይመስለዋል። ገርቢ ዝናብ ሲመጣ ቅጠሉን ያራግፋል። ሁሉም ሲለመልም እሱ ራቁቱን ይቆማል። ሥሩ የተዘራው እህል ፀሐይ አያጣም፣ የረገፈው ቅጠልም ማዳበሪያ ይሆነዋል። በእኛ አካባቢ፣ በቢሾፍቱ ዙሪያ፣ የአዳ ገበሬ ማሳው መሃል የማይቆርጠው ለዚህ ነው። በጋ ሲሆን ደግሞ ሌላው ሲጠወልግ እሱ ይለመልማል፣ ፍሬውን ላሞቹ ይበሉታል፣ እንግዶቻችንም ጥላው ሥር ይጸልያሉ።

ደርቋል ላለኝ ልጅ ይህንን ሁሉ ነገርኩት። አሁን የማስበው ግን ሌላ ነው። ይህ ዛፍ የሚያርፈው ዝናቡ ሲበዛ፣ ሥራ የሚጀመርበት ወቅት ላይ ነው። ሥራ እስኪያልቅ አይጠብቅም። እኛ ሥራ ሲያልቅ እናርፋለን እንላለን። ሥራው ደግሞ መቼም አያልቅም። መስከረም የሽምብራ ዘር ነው። ጥቅምት ቅዳሜና እሁዶቹ በሙሉ ይያዛሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ። ጥር ተማሪዎቹ ይመጣሉ፣ ሽምብራውም ይደርሳል። ከዚያ ሁዳዴ፣ ከዚያ ፋሲካ፣ ከዚያ ሰኔ ይመጣና መሬቱ ይታረሳል። ለእኛ የሚሆን ወር ፈልጌ አጣሁ።

በምሳ ሰዓት «አንድ ወር ዘግተን ብናርፍስ?» ብዬ አነሳሁት። አባዬ «ላሞቹንስ?» አለ። ልክ ነው። እማዬ ደግሞ «እኔ ቤቴን ዘግቼ የት እሄዳለሁ?» አለች። የት ትሂድ? ሰው ለማረፍ የሚመጣው እሷ ቤት ነው። ስለዚህ አንድ ወሩን ተውኩት። አንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ አሰብኩ። አዳራሹ ተዘግቶ፣ ላሞቹን እኔና ወንድሜ አልበን፣ ምግቡን ረዳቶቻችን ሠርተው። እማዬ ገርቢው ሥር ወንበር ይወጣላትና ትቀመጣለች። የሚነበብላት ካለ ይነበብላታል። ከፈለገች ትተኛለች። ሻይ የሚያመጣላት ሌላ ሰው ይሆናል።

ይህን እየጻፍኩ ስልኬ ጮኸ። አንድ የእናቶች ኅብረት ናቸው። ለጥቅምት ሁለተኛው ቅዳሜና እሁድ ቦታ አለ ወይ ይላሉ። 30 ሰው ገደማ ናቸው፣ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ። «እናታችሁን እንደ እህት ነው የምናያት፣ ናፍቃናለች» አሉኝ። መልሼ እደውላለሁ ብያቸዋለሁ።

እሺ ልበላቸው? እማዬ ብትሰማ «ኑ በያቸው» ነው የምትለው፣ ፊቷም ይበራል። ወይስ ያንን ቅዳሜና እሁድ ለእሷ ልያዝላት? ብይዝላትስ፣ ወንበሩ ላይ አርፋ ትቀመጣለች ወይስ ማድ ቤቱን እያየች ትጨነቃለች? ማረፍ የሚባለው ለእማዬ የትኛው ነው?

እናንተ እናቶቻችሁን የምታውቁ፣ እስቲ ንገሩኝ። እስከ ሐሙስ መልስ ልሰጣቸው ቃል ገብቻለሁ።